ባሩድ ማብዛትና ማሳነስ፦ ከጋፋት መድፍ እስከ ጀማሪ ተኳሽ ትከሻ

ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም፣ በስቅለት ዕለት፣ የዐፄ ቴዎድሮስ መድፎች ከመቅደላ አጠገብ ካለው ከፋላ አናት ወደ እሮጌ ሜዳ መተኮስ ጀመሩ። ከሁሉ ትልቁ፣ በንጉሡ ስም የተጠራው መድፍ፣ ገና በመጀመሪያው ተኩስ ፈነዳ። በስፍራው የነበሩ አውሮፓውያን የሰጡት ምክንያት አጭር ነው፤ ባሩድ ከልኩ በላይ ጎርሶ ነበር። የቀሩት መድፎችም አረራቸውን በአብዛኛው ከእንግሊዝ ጦር ራስ በላይ አሳልፈው ጣሉት። በዚያ ቀን ከኢትዮጵያውያን ወገን 700 ያህል ሰው ወደቀ። ከእንግሊዝ ወገን የቆሰለው 20 ገደማ ሲሆን ከእነሱም የሞቱት ሁለት ናቸው።

ለዚህ ውጤት ታሪክ ጸሐፊዎች ሁልጊዜ የሚጠሩት የስናይደርን ጠመንጃ ነው። እውነት አላቸው፤ ከኋላ የሚጎርስ ጠመንጃ የያዘ ወታደር በአፈሙዝ በኩል ባሩድ እየጠቀጠቀ ከሚተኩስ ወታደር ጋር ሲገጥም ማን እንደሚረታ አያከራክርም። የባሩዱን ልክ የሚያነሳው ግን ጥቂት ነው። ስንት ባሩድ ይበቃል? በተለይ ለጦርነት ሳይሆን ለመማር፣ ጠመንጃ ይዞ ለማያውቅ ትከሻ፣ ምን ያህል ይበቃል? ያንን ያነሰ ጥይትስ ማን ይሞላዋል? በሌላው ዓለም ይህ የዒላማ ተኳሾች የእሑድ ሥራ ነው፤ ቀለህ አንሥተው፣ አጥበው፣ ለዘብ አድርገው ሞልተው ለልጆቻቸው ያስተኩሳሉ። በእኛ አገር ጥያቄው ሌላ መንገድ ሄዷል፤ መንገዱም ደብረ ታቦር አጠገብ ባለችው በጋፋት በኩል ያልፋል።

ጥይት በፋብሪካ ተዘግቶ ከመምጣቱ በፊት የነበረውን ዘመን ካሰብን፣ ተኳሽ ሁሉ ጥይቱን ራሱ የሚሞላ ነበር። ባሩዱን በቀንድ ይዞ፣ በእጁ ሰፍሮ፣ እርሳሱን አስከትሎ፣ በዘንግ ጠቅጥቆ ይተኩሳል። ስንት እንደሚሰፍር የሚያውቀው እሱ ነው፤ የሚሳሳተውም እሱ። በ1533 ዓ.ም ከክሪስቶቮ ዳ ጋማ ጋር የመጡት 400 ፖርቱጋሎች አለቃቸውን አጥተው ወደ ሰሜን ተራሮች በሸሹ ጊዜ፣ ባሩዳቸው አልቆ ስለነበር የባሩድ ቅመሞቹን ድኝና ጨው ጴጥሮስ ከአካባቢው ፈልገው እዚያው መሥራት ግድ ሆኖባቸዋል። ከዘመቻው የተረፈው ካስታንሆዞ ይህን መዝግቦታል። በየካቲት 1535 ዓ.ም ከጣና በስተ ምሥራቅ በወይና ደጋ ግራኝ አሕመድን የጣለው ተኩስ በከፊል እዚሁ አገር የተወቀጠ ባሩድ ነበረው ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ የአገር ቤት ባሩድ መሥራት አልቆመም። ድኙ ከአፋር ቆላ ይመጣል፣ ከሰሉ ከደጅ ይገኛል፣ ጨው ጴጥሮሱ ከብት ካደረበት አፈር ይጣራል። ችግሩ መሥራቱ ላይ ሳይሆን እኩል አድርጎ መሥራቱ ላይ ነው። የዛሬው ከትላንቱ ሲደክም ተኳሹ አንድ ጭብጥ ይጨምራል፤ በማግሥቱ ጠንካራው ሲደርሰው ያው የለመደው ጭማሪ አብሮት ይገባል። ማብዛት ልማድ የሚሆነው እንዲህ ነው።

ከዚያ ዘመን ለዚህ ዳሰሳ ከሁሉ የሚመቸው ታሪክ ጎንደር ውስጥ የሆነው ነው። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1762 ዓ.ም አካባቢ ከራስ ሚካኤል ስሑል ዘመዶች አንዱ ከሆነው ከገብረ መስቀል ጋር በተኩስ ችሎታ ተጣላ። ብሩስ ጠመንጃው ውስጥ በእርሳስ ፋንታ የሻማ ቁራጭ ከቶ ሊተኩስ ተወራረደ፤ ሻማው ሦስት ጋሻ በጥሶ አለፈ፤ ቀጥሎም የጣውላ ጠረጴዛ በሳ። አዳራሹ ጉድ አለ፤ ጥንቆላ የመሰለውም አልጠፋም። ብሩስ ጉረኛ መሆኑን አንባቢዎቹ ሁሉ ያውቃሉ፤ ይህ ግን በአውሮፓም ሰው ሞክሮ ያየው ነገር ነው። የቀለለ ነገር በበቂ ፍጥነት ሲሄድ ይሠራል፤ ተኳሹንም አይጎዳም። ጎንደር ቤተ መንግሥት የቀለለ ጥይትን በዓይኗ አይታ ነበር። የወሰደችው ትምህርት ግን ፈረንጅ አስማት ያውቃል የሚል ሆነ።

ወደ ጋፋት እንምጣ፤ ነገሩ የሰፋው እዚህ ነው።

ቴዎድሮስ ገና ሳይነግሡ፣ ካሳ ኃይሉ ተብለው ሳሉ፣ በ1840 ዓ.ም ደባርቂ ላይ ከግብፅ ጦር ጋር ገጥመው በመድፍ ተመቱ። ቁስሉ አልለቀቃቸውም። ከነገሡ በኋላ ከአውሮፓ የሚመጣውን ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቁት የእጅ ሙያውን ነበር። ባዝል አጠገብ ካለው ከቅዱስ ክሪስቾና ትምህርት ቤት ወንጌል ሊያስተምሩ የመጡት ዋልድማየር፣ ዛልሙለር፣ ቤንደር፣ ማየርና ኪንዝለን፣ ፈረንሳዊው ጠመንጃ ሠሪ ቡርጎ፣ ፖላንዳዊው ሞሪትዝ ሆል ጋፋት ላይ ሰፈሩ። መንገድ ሠሩ፣ ጋሪ ሠሩ፣ ለአገሬው ልጆች ሙያ አስተማሩ። ይህ ሁሉ ለንጉሡ አልበቃም። መድፍና ሞርታር ሥሩልኝ አሏቸው። አናውቅም ሲሉ አሽከሮቻቸው በሰንሰለት ታሰሩ። ዋልድማየር ኋላ በጻፈው የሕይወት ታሪኩ እንደሚተርከው፣ ሙከራው የተጀመረው በዕውቀት ሳይሆን በጭንቅ ነው። የመጀመሪያው አልሆነም፤ ደግመው አቀለጡ፤ በመጨረሻ ሆነ። ንጉሡ ደስ ብሏቸው አሽከሮቹን ፈቱ፤ ሸለሟቸው፤ ከዚያም ከዚህ የሚበልጥ ሥሩ አሏቸው። የበለጠው ሲሠራም፣ ከዚያ የሚበልጥ።

እየበለጠ የሄደው ነገር መጨረሻው ሴባስቶፖል ነው፤ በጋፋት ሰዎች እጅ በ1859 ዓ.ም የቀለጠው፣ 7 ቶን ገደማ የሚከብደው የነሐስ ሞርታር። ቴዎድሮስ በጥቅምት 1860 ዓ.ም ደብረ ታቦርን አቃጥለው ሲነሡ ይህን ብረት ይዘው ተነሡ። መቶዎች እየጎተቱት፣ ንጉሡ ራሳቸው ድንጋይ እየፈነቀሉ፣ ገደል እየተቆፈረ መንገድ እየወጣለት፣ ጋሸናንና የጂጣን ሸለቆ ተሻግሮ በመጋቢት መቅደላ ደረሰ። ስድስት ወር የፈጀ ጉዞ! እሮጌ ላይ ግን ለውጊያ አልዋለም። ዛሬም እዚያው አምባ ማርያም ላይ አለ፤ አዲስ አበባ ቸርችል ጎዳና ላይ ያለው አምሳያው ነው።

ስለ ሴባስቶፖል ብዙ ተጽፏል፤ አብዛኛው ጽሑፍ ብረቱ ላይ ያተኩራል። ለዚያ ብረት የሚሆን ባሩድና አረር ከየት እንደሚመጣ፣ ማን ሰፍሮ እንደሚያጎርሰው፣ የሚያጎርሱት ሰዎች ስንት ጊዜ ተለማምደው እንደሚያውቁ የሚጠይቅ ጽሑፍ ግን ብዙም አይታይም። ጋፋት የማቅለጥ ትምህርት ቤት ነበረች፤ የመተኮስ ትምህርት ቤት አልነበረችም። ፋላ ላይ የፈነዳው መድፍ በደንብ ቀልጦ ሊሆን ይችላል፤ መድፈኛው ግን ልኩን በልምምድ አላወቀም። መድፍ ለመሥራት ዓመታት የፈጀ መንግሥት፣ በግማሽ ባሩድ ሠላሳ ጊዜ ተኩሶ ሰው ለማሠልጠን አንድ ወር አልመደበም። ለቴዎድሮስ ያለኝ አክብሮት ይህን ከማለት አያግደኝም።

አውሮፓውያኑ ከእንግሊዙ ጄኔራል ከናፒየር ጦር ጋር ወጡ፤ ጋፋትም ተፈታች።

ከዚያ በኋላ የመጣው ዘመን የቀለህ ዘመን ነው። ፈረንሳይ እ.አ.አ. በ1886 ለበን ወደተባለው ጠመንጃ ስትዞር የጣለችው የ1874ቱ ግራ ጠመንጃ በጅቡቲ በኩል ጎርፎ ገባ፤ ውጅግራ ሆኖ አገር አዳረሰ። ስናይደሩ፣ ረሚንግተኑ፣ ማርቲኒው ተከታተሉ። ጥይትም በሚሊዮን ገባ፤ ጣሊያን ራሷ የውጫሌ ውል እንዲጸና ብላ ለምኒልክ የላከችው ሁለት ሚሊዮን ጥይት እጃቸው ከገባ በኋላ ነው ንጉሠ ነገሥቱ ውሉን ማፍረሳቸውን በይፋ ያስታወቁት። ሦስት ዓመት ቆይቶ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም ዓድዋ ላይ ምን እንደሆነ ይታወቃል።

ጥይት ግን በአገሩ ገበያ ሌላ ሥራም ነበረው። ከአሞሌ ጨው ጋር እኩል የማርያ ቴሬዛ ብር መዘርዘሪያ ነበር፤ የውጅግራ ጥይት ዕቃ ይገዛበታል፣ ግብር ይከፈልበታል። ገንዘብ የሆነ ነገር ደግሞ ለልምምድ አይተኮስም። ዒላማ ላይ አምስት ጥይት የሚያጠፋ ባላገር አምስት ሳንቲም ወደ ገደል እንደ ወረወረ ነው የሚታየው። ስለዚህ ተኩስ የሚማረው በአደን፣ በሠርግ ወይም በጦርነቱ በራሱ ነበር። የመጀመሪያ ጥይቱን ሰው ላይ የሚተኩስ ወጣት ብዙ ነበር።

ቀለህ መሙላት የመጣው ከዚህ ችጋር ነው። የውጅግራ ቀለህ ናስ ነው፣ ወፍራም ነው፣ ጥቁር ባሩድ ይቀበላል፤ ካፕሱሉ ከተገኘ እንደገና ይሞላል። በጣሊያን ወረራ ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም፣ አርበኛ ጥይቱን የሚያገኘው በአብዛኛው ከጠላት ነጥቆና ከባንዳ ገዝቶ ነበር፤ ያ ሲጠፋ የተተኮሰውን ቀለህ አንሥቶ ደግሞ ይሞላዋል። ማይጨው ላይ መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም የተሰለፈው ጦር አንዱ ውጅግራ፣ አንዱ ለበን፣ አንዱ ምንሽር፣ አንዱ ቤልጅግ ይዞ ስለነበር፣ የወደቀ ጓዱን ዝናር የወሰደ ወታደር ጥይቱ ከጠመንጃው ጋር ሳይገጥም የሚቀርበት ጊዜ ብዙ ነበር። በእጅ የተሞላ ጥይት ደካማ ነበር፤ ጭሱ ቦታ ያጋልጣል፣ አንዱ ሩቅ ሲሄድ ሌላው አጠገብ ይወድቃል። ልብ በሉ፣ ይህ ጥይት ያነሰ ባሩድ የያዘው ለጀማሪ ትከሻ ታስቦ አይደለም፤ ባሩድ ስለሌለ ነው። በእኛ ታሪክ ለዘብ ያለ ጥይት የመጣው በማጣት መንገድ እንጂ በማሠልጠን መንገድ አይደለም። ለዚህ ይመስለኛል ደካማ ጥይት እስከ ዛሬ የሚናቀው።

አሁን የሰደፉን ምት በቁጥር እንየው። ውጅግራ 4.2 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። እርሳሱ 25 ግራም፣ ባሩዱ ከ5 ግራም ጥቂት የሚበልጥ፣ ፍጥነቱ በሰከንድ 450 ሜትር ገደማ ነው። ይህ ሲሰላ ጠመንጃው ወደ ትከሻ የሚመለስበት ጉልበት 26 ጁል አካባቢ ይሆናል። ረጅሙ ማውዘር 21 አካባቢ ነው። ክላሽንኮቭ፣ 8 ግራም እርሳሱን በሰከንድ 715 ሜትር እየወረወረ፣ ወደ ትከሻ የሚመልሰው 7 ጁል ገደማ ብቻ ነው። ስሌቱ ግምት ነው፤ የባሩዱ ጢስ ከአፈሙዝ የሚወጣበትን ፍጥነት ማን በትክክል ይለካል፤ መጠነ ልዩነቱ ግን አያሳስትም።

ሃያ ስድስት ጁል ትከሻ አይሰብርም። ጉዳቱ አእምሮ ላይ ነው። ጀማሪው አንድ ጊዜ ከተመታ በኋላ ሁለተኛውን ጥይት ሲተኩስ ዓይኑን ይጨፍናል፣ ትከሻውን ወደፊት ይገፋል፣ ምላጩን ይነጥቃል። አፈሙዙ ተኩሱ ከመውጣቱ በፊት ወርዷል። ይህ ፍርሃት ከገባ በኋላ ለማውጣት ከመጀመሪያው ማስተማሩ የበለጠ ጊዜ ይፈጃል፤ አሠልጣኞች ሁሉ በዚህ ይስማማሉ። የእኛ ሽማግሌዎች ለዚህ ያላቸው መድኃኒት ሰደፉን ከትከሻህ አጥብቅ፣ ትንፋሽህን ያዝ፣ ወንድ ሁን የሚል ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ትክክል ናቸው። ሦስተኛው አይሠራም፤ ጀግናም ዓይኑን ይጨፍናል።

ሌሎች አገሮች ይህን በመሥፈሪያ ፈቱት። የአሜሪካ ጦር እ.አ.አ. በ1873 ስፕሪንግፊልድን ሲይዝ ለእግረኛው 4.5 ግራም ያህል ባሩድ የጎረሰ ጥይት፣ ቀላል ጠመንጃ ለያዘው ፈረሰኛ ግን ያንኑ እርሳስ በ3.6 ግራም ሰጠው። እንግሊዞችም ለማርቲኒ ሄንሪ እንዲሁ አደረጉ፤ የእግረኛው ጥይት 31 ግራም እርሳስና 5.5 ግራም ባሩድ ሲይዝ፣ የፈረሰኛው 27 ግራምና 4.5 ግራም ነበር። ወታደሩ ረጅሙን ጥይት በአጭሩ ጠመንጃ ተኩሶ አፍንጫው ሲደማ አይተው ነው። ከዚህ የሚበልጠው ግን የአሜሪካኖቹ ሌላ እርምጃ ነው፤ ጦሩ ለየሰፈሩ የጥይት መሙያ መሣሪያ አደለ። ወታደሩ ቀለሁን ይለቅማል፣ ሰፈሩ ይሞላዋል፣ ያው ወታደር ደግሞ ዒላማ ይተኩስበታል። ለቤት ውስጥ ልምምድ የሚሆን እጅግ የቀለለ ጥይትም ነበራቸው። በዚያው ዘመን የእኛ ባላገር ውጅግራውን እየወለወለ ጥይቱን ለገበያ ያስቀምጥ ነበር።

ማሳነስ ግን የዋህ ሥራ አይደለም፤ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ባሩድ ከበዛ ይፈነዳል፤ ስለዚህ ካነሰ ሰላም ነው የሚለው ሐሳብ ለጥቁር ባሩድ በከፊል፣ ለዘመናዊው ጭስ አልባ ባሩድ ደግሞ ከዚያም ያነሰ እውነት አለው። ጭስ አልባ ባሩድ በደንብ የሚነደው በቀለሁ ውስጥ ግፊት ሲፈጠር ነው። በትልቅ ቀለህ ውስጥ ጥቂት ባሩድ ሲቀመጥ ቃጠሎው ይዛባል። አንዳንዴ እርሳሱ ተገፍቶ ቱቦው መሐል ይቀራል፤ ተኳሹ ድምፁ ማነሱን ሳያስተውል ቀጣዩን ሲተኩስ ቱቦው ይቀደዳል። አንዳንዴ ደግሞ በዝግታ የሚነድ ባሩድ ከልክ በታች ሲቀነስ ግፊቱ ባልተጠበቀ ሁኔታ ወደ ላይ ይዘላል፤ ምክንያቱን ባለሙያዎች እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል። ፈጥኖ የሚነደውም ሌላ ወጥመድ አለው፤ የሚይዘው ቦታ ትንሽ ስለሆነ ሁለት ጊዜ ቢጨመርበት ከላይ ሲያዩት አይታወቅም። ጥቁር ባሩድም ቢሆን በቀለሁ ውስጥ ክፍተት ሲተውለት አይወድም፤ የአሜሪካ ፈረሰኛ ጥይት የጎደለው ቦታ በወረቀት የተሞላው ለዚህ ነው። ሆጅደን የተባለው የአሜሪካ ባሩድ አከፋፋይ ከሚሸጣቸው ባሩዶች ኤች 4895 ለተባለው ከከፍተኛው መጠን እስከ 60 በመቶ መውረድ እንደሚቻል ሲያስታውቅ፣ ሕጉን ለሌላ ባሩድ አትጠቀሙበት ብሎ ነው። እዚያ አገር ሚዛን፣ የታተመ ሠንጠረዥና ሕጋዊ ባሩድ ያለው ሰው እንኳ የሚሠራው በዚህ ጥንቃቄ ነው። በፌስታል የመጣ፣ ስሙ የማይታወቅ ባሩድ በማንኪያ እየሰፈረ የሚሞላ ሰው ፋላ ላይ ካሉት መድፈኞች በምንም አይሻልም።

የጀማሪውን ችግር በዓለም ላይ የፈታው በእጅ የተሞላ ጥይት ሳይሆን ፋብሪካ ነው ብል አልተሳሳትኩም። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጀርመንንም ሶቪየትንም ወደ አንድ ድምዳሜ አደረሳቸው፤ ወታደር የሚተኩሰው በአብዛኛው ከ400 ሜትር በታች ከሆነ የረጅሙ ማውዘር ጉልበት ምን ያደርጋል? ጀርመኖች ያንኑ የማውዘር ቀለህ አሳጠሩት። ሶቪየቶች እ.አ.አ. በ1943 አዲሱን የ7.62 በ39 ጥይት ነደፉ፤ ክላሽ የተሠራው ለእሱ ነው። በሌላ አነጋገር ክላሽ ሲፈጠር ጀምሮ ያነሰ ባሩድ የጎረሰ ጠመንጃ ነው። በዓለም ላይ ልጅ እግሩም ገበሬውም በአንድ ቀን የሚለምደው ለዚህ ነው፤ የዚህ ቅለት ዋጋ ምን ያህል መራራ እንደሆነም ሁላችንም እናውቃለን።

ወደ ኢትዮጵያም ቅለቱ የገባው ደረጃ በደረጃ ነው። በ1927 ዓ.ም በሆለታ ገነት ጦር ትምህርት ቤት የስዊድን መኮንኖች ሲያስተምሩ የነበረው በረጅም ጠመንጃ ነው። ከነፃነት በኋላ በቼኮዝሎቫኪያ እገዛ አዲስ አበባ ላይ የተቋቋመው የጥይት ፋብሪካ የማውዘር ጥይት ይሠራ ነበር፤ የክብር ዘበኛ ቤልጅግ የሚበላው ያንን ነው። ኮሪያ የዘመተው የቃኘው ሻለቃ ከአሜሪካ ጋራንድና ካርባይን ተቀበለ፤ በግንቦት 1945 ዓ.ም ከአሜሪካ ጋር ስምምነቱ ከተፈረመ ወዲህም ሁለቱ በብዛት መጡ። ካርባይን 2.5 ኪሎ ገደማ ነው፣ ምቱም ከክላሽ አይበልጥም፤ ለጀማሪ ከእሱ የተሻለ ጠመንጃ በዚያ ዘመን አልነበረም። ከ1969 ዓ.ም በኋላ በደርግ ዘመን ክላሽ አገሩን ሞላው። በ1980ዎቹ መባቻ በአምቦ አቅጣጫ ሆሚቾ ላይ የጥይት ፋብሪካ ቆመ። በዚያው ዘመን የክላሽ ማምረቻ ተመሠረተ፤ ፕሮጀክት 720 ይባል የነበረው ይህ ፋብሪካ ኋላ የተሰጠው ስም ጋፋት ነው። ሁለቱም በ2002 ዓ.ም ብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን ሲቋቋም በሥሩ ገቡ። ሰባት ቶን ነሐስ የቀለጠባት መንደር ስሟን ያወረሰችው ዓለም ካወቃቸው ጠመንጃዎች ሁሉ ትከሻ ከሚራሩት ለአንዱ ነው።

ታዲያ ዛሬ ለጀማሪ ተኳሽ ያነሰ ጥይት በእጅ መሙላት ያስፈልጋል ወይ? የእኔ መልስ፣ በእኛ አገር፣ አያስፈልግም የሚል ነው። ምክንያቴ ሕጉ ብቻ አይደለም፤ ሕጉ ግን ግልጽ ነው። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ጥይትን ያለ ፈቃድ ማምረትን ይከለክላል፤ ቤት ውስጥ ቀለህ መሙላት ከዚያ አያመልጥም። ሁለተኛው ምክንያት ከላይ የተናገርኩት አደጋ ነው። ሦስተኛውና ለእኔ ዋናው፣ ጥይት ሳይተኮስ የሚገኘው ትምህርት ከተተኮሰው የሚበልጥ መሆኑ ነው። ባዶ መሆኑ ሁለቴ በተረጋገጠ ጠመንጃ ዒላማ ይዞ ምላጭ መሳብ ገንዘብ አይጠይቅም። አሠልጣኙ ሠልጣኙ ሳያይ አንዳንዴ ባዶ ቀለህ ቢያጎርስለት፣ ቃታው ጠቅ ሲል አፈሙዙ መውረድ አለመውረዱ ለራሱ ለሠልጣኙ ይታየዋል፤ ማንም ሳይነግረው ፍርሃቱን ያየዋል። በሌላው ዓለም ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው እርሳሱ 2.6 ግራም ብቻ የሆነው ሃያ ሁለት የሚባለው ጥይት ወይም በአየር የሚተኩስ ጠመንጃ ነው። ሃያ ሁለቱ እ.አ.አ. ከ1887 ጀምሮ የኖረ ጥይት ነው። ፖሊሶቻችንና የጥበቃ ድርጅቶቻችን ሠልጣኞቻቸውን በመጀመሪያው ቀን ሙሉ ጥይት ከማስተኮስ ይልቅ በዚህ መንገድ ቢያሳልፏቸው የጥይት ወጪያቸው ይቀንሳል፣ ዒላማቸውም ይሻሻላል። ለሆሚቾ ደግሞ የልምምድ ጥይት መሥራት ከሚከብዱት ሥራዎች መካከል አይደለም።

ስለ ማብዛት ልማድ አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። በሠርግና በለቅሶ ወደ ሰማይ የሚተኮሰው ጥይት ሙሉ ጥይት ነው። የወጣው ይመለሳል፤ ሲመለስ የማን ጣሪያ ላይ እንደሚያርፍ ተኳሹ አያውቅም። እርሳስ የሌለው የድምፅ ጥይት በሌላው ዓለም የቀብርም የበዓልም ክብር ሆኖ ሲያገለግል፣ እኛ ዘንድ ግን የጀግና ማዕረግ አይሰጠውም። ድምፁ ያው ነው። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም ወዲህ በአማራ ክልል ከተሞችና ገጠሮች ያለው ሰው የተኩስ ድምፅ ሲሰማ ምን እንደሚያስብ የሚያውቅ ሁሉ፣ ለሠርግ መተኮስ ራሱ ይቅር ቢል አይፈረድበትም።

የመጨረሻው ጉዳይ ለደቡብ ጎንደር ሰዎች ነው። ደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ ዛሬ ጋፋት በሚል ስም የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት አለው። ስሙን የያዘ ተቋም የመድፉን ታሪክ ብቻ ሳይሆን የባሩዱንም መያዝ ይገባዋል፤ የባሩድ ቀንድ፣ የእርሳስ ማፍሰሻ ቅርጽ፣ በእጅ የተሞላ ቀለህ፣ ከብረት ሠሪዎችና ከአርበኛ ልጆች አፍ የሚሰበሰብ ትረካ። እነዚህን የሚያስታውሱ ሰዎች ዕድሜያቸው ገፍቷል። እናንተ ደግሞ ከአባታችሁ ሳጥን የውጅግራ ወይም የናስማሠር ጥይት ካገኛችሁ፣ ያልተተኮሰ ከሆነ አትክፈቱት፣ አትምቱት፣ እሳት አጠገብም አታስቀምጡት፤ መቶ ዓመት የቆየ ካፕሱል ዛሬም ይፈነዳል። ያልተተኮሰውን ለአካባቢያችሁ ፖሊስ አስታውቁ፤ ባዶውን ቀለህ ግን ለነሐስ ነጋዴ አትሽጡት፤ ከየት እንደመጣና ማን እንደተኮሰው ጽፋችሁ ለዩኒቨርሲቲው ስጡት።